አየር መንገድ ሲዋሐድ የማን ዘመን ይቈጠራል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ስለ አየር መንገዶች መዋሐድና ውድድር እናገራለሁ ብዬ ስሜን ባስመዘገብኩ ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቼ «የኒሯቅ ልጅ ስለ አይሮፕላን ምን ያውቃል?» ብለው ስቀውብኛል። እውነታቸውን ነው። ኒሯቅ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት፤ የምትታወቀው በሙቀቷና በፍየሏ፣ ተከዜ ከተገደበ ወዲህም በዓሣዋ ነው። በልጅነታችን አይሮፕላን ማለት ፍየል ስንጠብቅ በላያችን ነጭ መሥመር አስምሮ የሚያልፍ ነገር ነበር። ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም፤ እኛ ዘንድ እንደማይወርድ ግን እናውቃለን። ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ስመጣም ከኒሯቅ ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ መሐል አገር የመጣሁት በአውቶቡስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ተሳፋሪ ሳይሆን ከታች ሆኖ ሽቅብ እንደሚያይ ሰው መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሬ ይህ ነው። ሁለት የአየር መንገድ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ጋዜጣው የሚነግረን ስለ አይሮፕላኖቹ ብዛት፣ ስለ መሥመሮቹ ርዝመትና ስለሚገኘው ትርፍ ነው። ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ሲዘለሉ አያለሁ። አንደኛው ሠራተኛው ያገለገለበት ዘመን ነው፤ ሁለተኛው ትርፍ የማያስገባው ትንሽ ማረፊያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተቈጠሩ ሒሳቡ ተዘግቷል ለማለት አልችልም።

ከራሳችን ቤት ልጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋራ ውል ተዋውሎ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አይሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ ዳግላስ ሲ-47 ሲሆኑ፣ ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይጓዝ ነበር። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ የሒሳብ ሹሙም በመጀመሪያ የውጭ ሰው ነበር። የእኛ ሰዎች ከእነርሱ ሥር ሆነው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ ካፒቴን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ተማሪው አስተማሪውን እስኪተካ ሩብ ምዕት ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ይህን ዘመን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ተማሪው አለ፤ አስተማሪው ግን የለም። እንዴት እንደ ጠፋ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ርእሳችን ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና።

በአሜሪካ ከ1938 ጀምሮ የትኛው ኩባንያ በየትኛው መሥመር እንደሚበርና ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስን የመንግሥት ቦርድ ነበር። በጥቅምት ወር 1978 ይህ ቍጥጥር በሕግ እንዲነሣ ተደረገ፤ ቦርዱም በ1985 መባቻ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብና አይሮፕላን ያለው ሁሉ በወደደው መሥመር በወደደው ዋጋ መብረር ቻለ። የቲኬት ዋጋ ወረደ፤ ይህን መካድ አይገባም። ከዚያ በፊት ባቡርና አውቶቡስ ብቻ የሚያውቀው ሕዝብ መብረር ጀመረ። አሮጌዎቹ ኩባንያዎች ግን ከአዲሶቹ ርካሽ ኩባንያዎች ጋራ ለመፎካከር ሁለት መንገድ ብቻ ታያቸው፤ ወይ ሌላውን ገዝቶ መግዘፍ፣ ወይ ወጪ መቀነስ። ትራንስ ወርልድ ሁለቱንም ሞከረ። በ1986 ኦዛርክ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ጠቀለለ። ካርል አይካን የሚባል ባለሀብት ድርጅቱን በእጁ ካስገባ በኋላ ግን ዕዳው እየከበደ ሄደ፤ በ1991 ወደ ለንደን የሚያስገቡት ዋና ዋና መሥመሮቹ ለአሜሪካን ኤርላይንስ በ445 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ለካስ በሰማይ ያለ መንገድም እንደ ርስት ይሸጣል! ርስቱን የሸጠ ገበሬ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። በ1992፣ በ1995፣ በመጨረሻም በ2001 ሦስት ጊዜ ኪሣራ አወጀ። በሚያዝያ 2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ራሱ ጠቀለለው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን፣ ከካንሳስ ሲቲ ወደ ሴንት ሉዊስ በተደረገ አጭር በረራ፣ ያ ካይሮ ድረስ እጃችንን ይዞ ያበረረን ስም ከሰማይ ላይ ጠፋ።

እስከዚህ ያለው የጋዜጣው ታሪክ ነው። አሁን ወደ ሠራተኛው ልምጣ።

በአሜሪካ የአየር መንገድ ሠራተኛ ከደመወዙ ይልቅ የሚሳሳለት አንድ መዝገብ አለ፤ የአገልግሎት ቅድሚያ መዝገብ እንበለው። ማን በየትኛው አይሮፕላን እንደሚሠራ፣ ማን ሩቅ አገር ማን ቅርብ አገር እንደሚሄድ፣ ማን በበዓል ቀን ከልጆቹ ጋራ እንደሚውል፣ ሥራ ሲቀንስም ማን አስቀድሞ እንደሚሰናበት የሚወስነው ይህ መዝገብ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ከላይ ነው፤ ትናንት የገባ ከታች ነው። እንግዲህ ሁለት ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ሁለት መዝገቦች አንድ መሆን አለባቸው። የማን ስም ከማን ስም በላይ ይጻፍ?

ነገሩን በእድር አስቡት። ሁለት ሰፈር እድራቸውን አንድ ለማድረግ ተስማሙ እንበል። ትልቁ እድር «የእናንተ መዋጮ በእኛ መዝገብ የለም፤ ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያዋጣችሁትም ብትሆኑ እንደ አዲስ ገቢ ትቈጠራላችሁ» ቢል፣ የትኛው ሽማግሌ ዝም ብሎ ይቀመጣል? በትራንስ ወርልድ የበረራ አስተናጋጆች ላይ የደረሰው ግን ይኸው ነው። አራት ሺህ ያህል ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያ ቤት ያሳለፉ ናቸው። በአሜሪካን ኤርላይንስ መዝገብ ከሁሉም ግርጌ ተጻፉ። ከመስከረም 2001 አደጋ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቅነሳው ከግርጌ ጀመረ፤ በ2003 አጋማሽ ላይ ከእነርሱ አንድም ሰው በሥራ ላይ አልቀረም። ልብ በሉ፤ መዝገቡን እንዲህ ያዘጋጀው ከአስተዳደሩ ይልቅ የትልቁ ኩባንያ ሠራተኞች ማኅበር ፍላጎት ነበር። ይህን የምናገረው ማኅበር መልካም ነገር ነው ብለን በምናምንበት አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ነው። ማኅበር የራሱን አባል ሲጠብቅ የሌላውን ዘመን ሊበላ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ በ2007 መጨረሻ አንድ ሕግ ወጣ፤ በሁለቱ የሚዙሪ ሴናተሮች፣ በማካስኪልና በቦንድ ስም ይጠራል። አየር መንገዶች ሲዋሐዱ የቅድሚያ መዝገቦቹ በርትዕና በእኩልነት እንዲቀላቀሉ፣ ካልተስማሙም ወደ ገላጋይ ዳኛ እንዲሄዱ ያዝዛል። ለትራንስ ወርልድ ሰዎች ግን አልደረሰላቸውም።

ገላጋይ ዳኛ ቢኖርስ ነገሩ ቀላል ነው? አይደለም። ዩ.ኤስ. ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት በ2005 ሲዋሐዱ አብራሪዎቹ ሊስማሙ ስላልቻሉ ዳኛ ተሰየመ። ዳኛው በ2007 የሰጠው ፍርድ በተቀጠሩበት ቀን ሳይሆን እያንዳንዱ በራሱ መዝገብ በነበረው ስፍራ መጠን አቀላቀላቸው። በዚህም ምክንያት 17 ዓመት የቈየ የአንደኛው አብራሪ፣ በሌላው ወገን ከጥቂት ወራት በፊት ከተቀጠረ አብራሪ ጎን ተጻፈ። የዳኛው ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ሊወድቅ የደረሰ ስለነበር፣ ውሕደቱ ባይኖር ያ የ17 ዓመት ሰው ሥራውን እንኳ ማጣቱ አይቀርም ነበር። ያኛው ወገን ግን ፍርዱን አልቀበልም ብሎ የቆየ ማኅበሩን አፍርሶ ሌላ አቋቋመ፤ ክርክሩም እስከሚቀጥለው ውሕደት ድረስ ዓመታት ፈጀ። እኔ በበኩሌ ይህን ጉዳይ ባነበብኩ ቍጥር ለየትኛው እንደምፈርድ ይቸግረኛል። የሕግ ተማሪዎች ብትከራከሩበት ደስ ይለኛል።

ዘመንን ለመብላት ሌላም ለስላሳ መንገድ አለ፤ እርሱም የጡረታ ማበረታቻ የሚሉት ነው። ብዙ ያገለገለ ሠራተኛ ደመወዙ ከፍ ያለ ነው። ኩባንያው «በፈቃድህ ቀደም ብለህ ብትወጣ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ይለዋል። ማንም አልተባረረም፤ ማንም አላለቀሰም። በ2020 ወረርሽኙ ሰማዩን በዘጋ ጊዜ ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በዚህ ዓይነት ከ17,000 የሚበልጡ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ከእነርሱ ውስጥ አብራሪዎቹ 1,800 ያህል ናቸው። በዓመት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪው ተመልሶ መጣ፤ አብራሪው ግን በአንድ ጀንበር አይሠራም። በ2022 በጋ የአሜሪካ አየር መንገዶች ሰው አጥተው በረራ ይሰርዙ ነበር። ተማሪው አስተማሪውን እስኪተካ ሩብ ምዕት ዓመት ፈጀ ያልኩት ትዝ ይላችኋል? ያን ዘመን በደኅና ገንዘብ ገዝቶ ከደጅ ማስወጣት ይቻላል፤ መልሶ መግዛት ግን አይቻልም። የእኛው አየር መንገድ በዚያው ወረርሽኝ ወቅት ቋሚ ሠራተኞቼን አላሰናብትም ብሎ፣ የመንገደኛ አይሮፕላኖቹን ወንበር እያወለቀ ጭነት ማጓጓዙን መረጠ። ይህ ብልኅነት ይመስለኛል፤ ጭነቱ ገንዘብ አስገኘ፣ ሰውም በቤቱ ቈየ።

ስለ ማበረታቻ ስናወራ የአገራችንን ሕግ ማየት አለብን። በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 209 የተጀመረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 714 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት ከደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለተጨመረው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብ ነበር። መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 25 ዓመት ያገለገለም መውጫ ዕድሜው ከሆነው ከ60 አምስት ዓመት ቀድሞ በጡረታ ሊገለል ይችል ነበር።

የምጠራላችሁ አንድ ሰው አለ፤ አጎቴ ነው። በአንድ የመንግሥት ድርጅት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበረ፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም። በ2008 ዓ.ም. ያ ድርጅት ከሌላ ጋራ ሲዋሐድ ሁለት ጋራዥ፣ ሁለት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሁለት ገንዘብ ያዥ ተገኘ። አጎቴ 55 ዓመቱ፣ አገልግሎቱ 28 ዓመት ነበር። «ብትወጣ የብዙ ወር ደመወዝ ባንድ ጊዜ ይሰጥሃል» ተባለና ወጣ። እስቲ እናስላው። በ28 ዓመት አገልግሎት ጡረታው ከመቶ ብር 52 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። እስከ 60 ቢቈይና አገልግሎቱ 33 ዓመት ቢሆን ኖሮ 58 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆን ነበር። ልዩነቱ 6 ብር ከሩብ ነውና ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ ነው አላልንም? በአምስቱ ዓመት ውስጥ የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ የቀሩት ሠራተኞች መነሻቸው ከፍ አለ፤ የእርሱ በ2008 ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ጡረታው አልፎ አልፎ ቢሻሻልም ከኑሮው ውድነት ጋራ እኩል አልሮጠም። ይህን ስሌት ያን ጊዜ የነገረው ሰው አልነበረም። የተነገረው ባንድ ጊዜ የሚሰጠው ገንዘብ መጠን ብቻ ነው።

በገንዘቡ ኒሯቅ ላይ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ ፍየልም ገዛ። ጦርነቱ ወደ አበርገሌ ሲደርስ እንደ ብዙው የአገራችን ሰው ሁሉን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። ሄጄ ስጠይቀው፣ «ልጄ፣ ቤቱም ፍየሉም እዚያ ቀረ፤ የጡረታ ደብተሩ ግን አብሮኝ መጣ» አለኝ። የሚበላው ከዚያች ካነሰችው ጡረታ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ጡረታ ማበረታቻ የሚጽፉ ሊቃውንት ሠራተኛው በጥሬ ገንዘቡና በወር ክፍያው መካከል በነፃ ይመርጣል ይላሉ። እኔም ሰው ሳያውቅ የሚመርጠው ምርጫ ነፃ ነው ወይ እላለሁ።

ወደ አየር መንገዱ ልመለስ፤ በአፍሪካ ደግሞ መዋሐድ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሥራ አንድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ኤር አፍሪክን በጋራ አቋቋሙ፤ ሐሳቡ ያማረ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ሰው እያስቀጠረ ለአይሮፕላኖቹ ቍጥር የማይመጣጠን ሠራተኛ ተከማቸ፤ በ2002 ድርጅቱ ከስሮ ፈረሰ። የኬንያ፣ የታንዛኒያና የኡጋንዳ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድም ሦስቱ አገሮች ተጣልተው በ1977 ተበተነ። ሁለት ኩባንያ ከድንበር አሻግሮ ማዋሐድ በሕግም ከባድ ነው፤ አገሮች የሚፈራረሙት የበረራ ውል ብዙ ጊዜ ኩባንያው በአገሩ ዜጎች ባለቤትነትና አመራር ሥር እንዲሆን ያስገድዳልና። የእኛ አየር መንገድ ይህን ተረድቶ ሌሎችን ከመዋጥ ይልቅ አናሳ ድርሻ እየገዛ ማስተዳደርን መረጠ። በ2010 መብረር የጀመረው የሎሜው አስካይና በ49 በመቶ ድርሻ የተቋቋመው የማላዊ አየር መንገድ ለዚህ ምስክር ናቸው። የ1999 የያሙሱክሮ ውሳኔና በጥር 2018 የተመረቀው የአፍሪካ አንድ የአየር ገበያ የአህጉሩን ሰማይ ለውድድር ለመክፈት የታሰቡ ናቸው። የብዙ መሥመር ባለቤት ስለሆንን ይህ ገበያ ቢሰምር ከሁሉ ይልቅ የምንጠቀመው እኛ ነን፤ ሌሎቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው የሚጠብቁትም ስለዚህ ነው።

የአገር ውስጡ ውሕደት የተፈጸመው በ2009 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድና የኤርፖርቶች ድርጅት አንድ ግሩፕ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ማረፊያውን የሚያስተዳድረውም አይሮፕላኑን የሚያበርረውም አንድ ቤት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የቦሌን ማስፋፊያ የሚያቅደው ሰው ስንት አይሮፕላን እንደሚመጣ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። በዲሲ-3 ዘመን አንድ አይሮፕላን ላም የተባረረችበት የሣር ሜዳ ይበቃው ነበር። ዛሬ በአገር ውስጥ የሚበርረው ዳሽ 8 ከ70 በላይ ሰው ስለሚጭን፣ በሚገባ የተሠራ ማኰብኰቢያም ሊሞላው የሚችል ተሳፋሪም ይፈልጋል። አይሮፕላኑ ባደገ ቍጥር ትንሹ ከተማ እያነሰ ይሄዳል።

ውድድር ቢፈቀድ ይህ ይቃናል የሚሉ አሉ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ከአየር መንገዱ አነስተኛ ድርሻ እሸጣለሁ ባለ ጊዜ በዚሁ ግቢ ብዙ ክርክር እንደ ነበረ ከእኛ በፊት የነበሩት ይነግሩናል፤ ሽያጩ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ተፎካካሪ ቢመጣ ወዴት እንደሚበር አስቡ። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ መቀሌ ነው። ወደ ዋግ የሚመጣ የለም። ቅቤው ለእንግዳው፣ አሬራው ለባለቤቱ ይሆናል። ብዙ ሰው ያለበት መሥመር ጥቂት ሰው ያለበትን የሚደጉመው ሁለቱ በአንድ ቤት እስካሉ ድረስ ነው።

ነገር ግን አንድ ቤት መሆን ብቻውን ድጎማው ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ያች የውድድር አገር አሜሪካ እንኳ በ1978 ቍጥጥሩን ስታነሣ ለትናንሽ ከተሞች የተለየ ድንጋጌ ጨምራለች። ቀድሞ አይሮፕላን ይደርስባቸው የነበሩ ከተሞች እንዳይቀሩ፣ በረራ ለሚያካሂድላቸው ትንሽ ኩባንያ መንግሥት ድጎማ ይከፍላል። ለአሥር ዓመት ብቻ ተብሎ የታሰበው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚያ የተጻፈው መብት ነው፤ የከተማው ሰው ቢቀርበት ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። የእኛ ሰው ማንን ይጠይቅ? ወላድን ከሰቆጣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ማድረስ በሚያስፈልግበት ሌሊት መንገዱ ቢዘጋ፣ መሥመሩ አያዋጣም የሚለውን መልስ የሰጠው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ድጎማው ይኑር ከተባለ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ብርና ለስንት ዓመት እንደሆነ ተጽፎ ሕዝብ እንዲያየው ይሁን። አይኑር ከተባለም ይህ በግልጽ ተነግሮ ገንዘቡ ለመኪና መንገዱ ይዋል። እኔ በበኩሌ ለዋግ አስፋልቱ ይቅደም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ብዙ የአገሬ ልጆች በዚህ እንደሚቈጡኝ አውቃለሁ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አይተዋል። በዚህ አዳራሽ ካሉት ውስጥ የሒሳብና የሕግ ተማሪዎች ጥቂት ዓመት ቈይታችሁ የውሕደቱን ውል የምታረቅቁ፣ የማበረታቻውን ሠንጠረዥ የምትሠሩ እናንተ ናችሁ። አጎቴ ባለፈው ክረምት ያቀረበልኝን ጥያቄ መመለስ ስላቃተኝ ለእናንተ አስተላልፋለሁ። «ያቺን ወረቀት ስፈርም የ28 ዓመቴ ተቈጠረ፤ ያላገለገልኳቸውን አምስቱን ግን ለድርጅቱ ሸጥኩ። ዋጋቸውን ያወጣው ማን ነው?» አለኝ። የምታውቁ ካላችሁ ከሻይ በኋላ ጠብቁኝ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤዬ እጽፍለታለሁ።